የመዥገር በሽታና የመንግሥት ገንዘብ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአበው ምሳሌ። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ጠብና ስለ ዕዳ በሚነገርበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ከካርቱም በስተደቡብ በካላክላና በመሰሎቿ ዳርቻዎች ላም አርብቶ፣ ወተት ሸጦ ለሚኖር ቤተ ሰብ ሌላም ትርጕም አለው። ለእርሱ እሳቱ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ተባይ ናት፤ እርሷም መዥገር ናት። ቅጠሉ ደግሞ በሽታው ከመድረሱ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ምርምር ነው። ይህን ቅጠል የሚቈርጠው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ ነው። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የላሟ ዋጋ

ከካርቱም መካከል ተነሥቶ ነጭ ዓባይን በቀኙ እያየ ወደ ጀበል አውልያ የሚጓዝ ሰው ካላክላ የተባለውን ሰፊ ሰፈር በመንገዱ ላይ ያገኛል። የ2023 ጦርነት እስኪነሣ ድረስ በእንደዚህ ያሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ጎህ ሲቀድ የወተት ሻጮች አህያ ኮቴና የጣሳ ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነበር። ካርቱም ትልቅ ከተማ ስለ ሆነች ብዙ ወተት ትፈልጋለች፤ ይህንንም ወተት ከሚያቀርቡላት መካከል ጥቂት ላሞችን በበረት አስረው የሚቀልቡ አነስተኛ አርቢዎች ብዙዎች ነበሩ።

የአገሩ ላም፣ ኬናናና ቡታና የተባሉት ዘሮች ሙቀቱን ችለው፣ ደረቁን ሣር ነጭተው የሚኖሩ ናቸው፤ ወተታቸው ግን ከውጭ አገር ላም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስለዚህ አርቢው የአገሩን ላም ፍሪዥያን ከተባለው የአውሮፓ ዘር ጋር ማዳቀል ጀመረ። የተዳቀለችውም ላም ጣሳውን ሞላችለት። ነገር ግን «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደሚባለው ሆነ። የወተቱ ብዛት በታየበት በዚያው በረት ውስጥ የአገሩ ላም የምትቋቋመው በሽታ የተዳቀለችውን ላም ይገድላት ጀመር። አንዲት የተዳቀለች ላም ስትሞት ቤቱ የሚያጣው ወተቱን ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን የትምህርት ወጪ፣ የሚመጣውን ዓመት ጥጃ፣ ላሟ የተገዛችበትንም ብድር ጭምር ነው።

በሽታው እንዴት ነው?

ይህ በሽታ ታይሌሪያ ይባላል። ስሙ የተገኘው በደቡብ አፍሪካ ከብት ሐኪም ከነበረው ከስዊስ ተወላጁ ከአርኖልድ ታይለር ነው። በካርቱም አካባቢ የሚገኘውን ዓይነት የሚያስተላልፈው እግሮቹ ዥንጕርጕር የሆኑት፣ ሊቃውንት ሂያሎማ የሚሉት መዥገር ነው። መዥገሩ ገና በልጅነቱ ከታመመ ከብት ደም ሲጠጣ ረቂቁን ተሐዋሲ ይወስዳል፤ ቆዳውን ለውጦ ካደገ በኋላ በሌላ ከብት ላይ ሲጣበቅ ተሐዋሲውን በምራቁ ያስተላልፋል።

ተሐዋሲው በከብቱ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ገላን እንዲጠብቁ የተፈጠሩትን ነጭ የደም ሕዋሳት ገብቶ ይይዛቸዋል፤ ይዞም እንደ ነቀርሳ ያለ ልክ እንዲባዙ ያደርጋቸዋል። ጠባቂው ከጠላት ጋር አብሮ ቤቱን ይወጋል ማለት ነው። የላሟ ንፍፊቶች ያብጣሉ፤ ትኩሳት ይይዛታል፤ ደሟ ይቀንሳል፤ ወተቷ ይነጥፋል፤ ሕክምና በጊዜው ካልደረሰላትም ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች።

መድኃኒት የለም ማለት አይደለም። ቡፓርቫኮን የተባለው መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ ብዙ ከብት ያድናል፤ ዋጋው ግን ለአነስተኛ አርቢ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ ተሐዋሲው መድኃኒቱን መልመድ እንደ ጀመረ የሚያመለክቱ ለውጦች ከሱዳን በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ሳይቀር ታይተዋል። መዥገሩን በሚገድል መርዝ ከብቱን ማጠብም የራሱ ችግር አለው፤ መዥገሩ መርዙን ይለምዳል፤ መርዙም ወደ ወተት ይገባል። እንግዲህ ዛሬ ያለው መሣሪያ ለነገ እንደማይበቃ የታወቀ ነው። አዲስ ምርምር አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከብት ነጂዎች ያወቁት፣ ሊቃውንት የናቁት

የመንግሥት ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ለመረዳት ወደ አሜሪካ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከቴክሳስ ወደ ሰሜን የሚነዱ ከብቶች ራሳቸው ሳይታመሙ በሄዱበት መንገድ ሁሉ የሰሜኑን ከብት ይፈጁ ነበር። የካላክላ በረት ታሪክ በሌላ አገር ቀድሞ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ በሽታውን የለመደው ከብት ይተርፋል፣ እንግዳው ይሞታል። ከብት ነጂዎቹና አርቢዎቹ ነገሩ ከመዥገር ነው ይሉ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ግን ይህን አባባል እንደ ተራ ወሬ ቈጠሩት።

በ1884 የአሜሪካ መንግሥት በእርሻ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ አቋቋመ። በዚያም ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን የተባሉት ተመራማሪዎች የገበሬውን ቃል ሳይንቁ መረመሩት። ከብቶችን በታጠረ መስክ ከፋፍለው፣ ከአንዳንዶቹ መዥገሩን እየለቀሙ፣ በሌሎቹ ላይ እየተዉ ለዓመታት ከተመለከቱ በኋላ በ1893 ውጤቱን አሳተሙ። ተባይ የከብትን በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያስተላልፍ በግልጽ ያስረዳው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ሮናልድ ሮስ የወባን ነገር በትንኝ ውስጥ ያገኘው ከዚህ በኋላ በ1897 ነው። በዚሁ ዕውቀት በመመራት የአሜሪካ መንግሥት በ1906 መዥገሩን የማጥፋት ዘመቻ ጀምሮ በ1943 ከሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ካለው ጠባብ ክልል በቀር ከአገሩ አጠፋው። ከምርምሩ መታተም እስከ ዘመቻው ፍጻሜ 50 ዓመት ወስዷል። ይህን ያህል ዘመን ትርፍ ሳይቈጥር ሊጠብቅ የሚችል ነጋዴ ማን ነው?

በዓባይ ዳር የተጀመረ ሥራ

ካርቱምም በዚህ ዕውቀት ረገድ እንግዳ አይደለችም። በ1902 በተከፈተው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ ሄንሪ ዌልካም የተባለው የመድኃኒት ነጋዴ በሰጠው መሣሪያ የሐሩር አገር በሽታዎች ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ዶክተር አንድሩ ባልፈር የሱዳንን ዶሮዎች የሚፈጀውን፣ በመዥገር የሚተላለፈውን ትኩሳት በዚያው ከተማ መርምሯል። በኋላም የአሜሪካ ባሕር ኃይል በካይሮ ባቋቋመው የምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው ሃሪ ሁግስትራል በ1956 ስለ ሱዳን መዥገሮች ከ1000 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። የትኛው መዥገር በየትኛው አገር፣ በየትኛው እንስሳ ላይ እንደሚኖር በዝርዝር የጻፈበት ይህ ሥራ የተከናወነው በመንግሥት ደመወዝ ነው። በወቅቱ «የመዥገር ዝርዝር ለባሕር ኃይል ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሱዳንና በኢትዮጵያ መዥገርን ያጠኑ ሊቃውንት መሠረታቸውን በሁግስትራል ሥራ ላይ ጥለዋል።

ሱዳናውያንም ራሳቸው ሥራውን ተረከቡ። በ1938 የተጀመረው የከብት ሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። ጥንት የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ በነበረችው በሶባ ስም በሚጠራው የካርቱም ዳርቻም የመንግሥቱ ማዕከላዊ የእንስሳት ምርምር ቤተ ሙከራ ሥራውን ያከናውን ነበር። በዚያ የነበሩት ሊቃውንት የታይሌሪያን ተሐዋሲ በሕዋስ ውስጥ እያሳደጉ ኀይሉን በማዳከም ክትባት ለማዘጋጀት ደክመዋል። እንዲህ ያለው ክትባት እንደ ህንድና እንደ ቱርክ ባሉ አገሮች በሥራ ላይ ውሏል። ሌሎች የሱዳን ተመራማሪዎች ደግሞ የኬናና ላም በሽታውን በተፈጥሮ የምትቋቋምበትን ሁኔታ አጥንተው በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። አርቢው ወተቷ ጥቂት ነው ብሎ የተዋት የአያቱ ላም ለሳይንስ ትልቅ ሀብት ሆና ተገኘች።

ከምጽዋ እስከ ሙጉጋ

የቀይ ባሕር ዳርቻ ሕዝብ የከብት በሽታ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ ወደብ ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ እስከ ደጋው ተሰራጭቶ የኢትዮጵያን በሬ ፈጀ፤ አራሹ ያለ በሬ ቀረ፤ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚጠራውም ረኃብ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በአስመራ፣ በኋላም በደብረ ዘይት የክትባት ቤቶች ተቋቋሙ። የደብረ ዘይቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የተመሠረተው በ1964 ነው።

ይህን በሽታ ለማጥፋት ታላቁን ድርሻ ያበረከተው ክትባት በናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት የጋራ ምርምር ቤት በ1960 አካባቢ የተዘጋጀው የዋልተር ፕላውራይት ክትባት ነው። በኋላም ቅዝቃዜ ሳያስፈልገው ለብዙ ቀን የሚቆይ ክትባት ስለ ተሠራ በረሓውን አቋርጦ እስከ አፋር ከብት አርቢዎች ደረሰ። በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ፈጽሞ ያጠፋው በሽታ ይህ ብቻ ነው።

በዚያው በሙጉጋ በ1970ዎቹ ሌላ ሥራ ተሠራ። የታይሌሪያ ሌላ ዓይነት የሆነውን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጥጃ የሚፈጀውን በሽታ ለመከላከል ሊቃውንቱ ያልተለመደ ዘዴ አሰቡ። ለጥጃው ሕያው ተሐዋሲ ይሰጠዋል፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ ተሐዋሲውን የሚገታ መድኃኒት ይወጋል። ጥጃው በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ይጠበቃል። «በሽታን ሰጥቶ ከበሽታ ማዳን» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ለሚሰማው ሰው እንደ እብደት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በኬንያና በታንዛንያ ማሳይ አርቢዎች ዘንድ በጆሮው ላይ የክትባት ምልክት ያለው ጥጃ ከሌለው በተሻለ ዋጋ ይሸጣል።

ነጋዴ የማይከፍለው ዋጋ

«መድኃኒት ሠሪ ኩባንያዎች እያሉ መንግሥት ለምን ይከፍላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ኩባንያ የሚመለከተው የገዢውን ኪስ ነው፤ ሦስት ላም ያለው የካላክላ አርቢ ደግሞ ለኩባንያ ገበያ አይሆንም። ከዚህም ሌላ የታይሌሪያ ክትባት ሕያው ስለ ሆነ እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ከብትም በየጊዜው ደንበኛ ሆኖ አይመለስም። ለአርቢው መልካም የሆነው ነገር ለሻጩ መልካም ሳይሆን ይቀራል። እንዲህ ባለው ስፍራ ሁሉ መንገድን የሚሠራና ድልድይን የሚያቆም መንግሥት ለምርምርም ሊከፍል ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የሚከብድ ነው። «ያልተሞከረ አዲስ ሐሳብ ይዞ ለሚመጣ ተመራማሪ የሕዝብ ገንዘብ ይሰጣልን?» የሚል ነው። የዚህ መልስ በአንድ ሰው ታሪክ ይገኛል። ቪሊ ቡርግዶርፈር የተባለው ሊቅ በወጣትነቱ በስዊስ አገር ያጠናው የአፍሪካን መዥገርና እርሱ የሚያመጣውን ግርሻ ትኩሳት ነበር። ለአውሮፓ የማይጠቅም የሩቅ አገር ዕውቀት ይመስል ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራ ሲሠራ ሌላ በሽታ ፍለጋ በኒው ዮርክ አካባቢ የተለቀሙ መዥገሮችን ከፍቶ ሲመለከት እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ተሐዋሲ አየ። ከዚህ በፊት የአፍሪካውን ስላየ ወዲያው ምንነቱን ጠረጠረ። በ1982 የታተመው ይህ ግኝት ላይም የተባለውን፣ የብዙ አሜሪካውያንን መጋጠሚያ የሚጎዳ በሽታ ምክንያት ገለጠ። እርሱ ያልፈለገውን ያገኘው ቀድሞ የማይጠቅም የሚመስለውን ስላወቀ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን በመገንዘብ በ2016 በመከላከያ ሚኒስቴር በኩል ለመዥገር ወለድ በሽታዎች ብቻ የሚውል የምርምር መርሐ ግብር በ5 ሚሊዮን ዶላር እንዲጀመር አደረገ፤ በጀቱም በኋላ ወደ 7 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከዚህም ገንዘብ አንዱ ክፍል ለአዳዲስና ደፋር ሐሳቦች የተለየ ነበር፤ የሚሰጠውም ሊቃውንት ሐሳቡን መርምረው ከመዘኑት በኋላ ነበር። በአንድ ታላቅ መንግሥት በጀት ውስጥ ይህ እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው። ትልቁ ቁም ነገር የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ሳይቋረጥ ሊመደብ የሚገባው መሆኑ ነው።

ሥራው ሲቋረጥ

ምርምርና ጥበቃ የሚቋረጡበት ጊዜ ምን እንደሚያስከትል አፍሪካ በብዙ ዋጋ ተምራለች። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር በ1970ዎቹ ጦርነት ምክንያት መንግሥት ያሠራው የከብት ማጥለቂያ ገንዳ ሥራ በገጠሩ ተሰናከለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ከብት በመዥገር ወለድ በሽታ እንዳለቀ ይገመታል። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲፈርስ ሙጉጋ የጋራ ባለቤቶቿን አጣች፤ ክትባቱም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰፊው ወደ አርቢው እስኪደርስ ሌላ ብዙ ዘመን አለፈ። በደቡብ ሱዳን ደግሞ በጦርነት የተሰደዱ ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ስለ ተንቀሳቀሱ በሽታው ቀድሞ ወዳልነበረበት ወደ ጆንግሌይ ተዛመተ።

አሁን ደግሞ የካርቱም ተራ ሆነ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ በተነሣ በ10 ቀን ውስጥ የዓለም የጤና ድርጅት የከተማይቱ ማዕከላዊ የሕዝብ ጤና ቤተ ሙከራ በታጣቂዎች መያዙን፣ ሠራተኞቹም መባረራቸውን አስታወቀ። የካርቱም ደቡባዊ ክፍል፣ ካላክላም ጭምር፣ የውጊያ ሜዳ ሆነ። በዋና ከተማይቱ ይከናወን የነበረው የእንስሳት ክትባት ሥራ ቆመ። በ2025 ከተማይቱ ወደ መንግሥቱ ጦር እጅ ተመልሳ ነዋሪው ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ።

የፈረሰ ግንብ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታነጻል። ለብዙ ዓመታት በቅዝቃዜ የተቀመጠ የተሐዋሲ ዘር ግን መብራት ጠፍቶ ናይትሮጂኑ ሲያልቅ ይሞታል፤ እርሱን ያሳደገ ሊቅም ወደ ሌላ አገር ተሰዶ የልጁን እንጀራ በሌላ ሥራ ይፈልጋል። የ20 ዓመት ሥራ በ20 ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ለሰውም የሚተርፍ ጉዳይ

ነገሩ የከብት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። የታይሌሪያን በሽታ የሚያመጣው የሂያሎማ ወገን ክራይሚያ ኮንጎ የተባለውን፣ ደም የሚያፈስሰውን ክፉ የሰው ትኩሳትም ያስተላልፋል። ይህ በሽታ በ1944 በክራይሚያ ታወቀ፤ በ1956 ደግሞ ተመሳሳዩ ቫይረስ በኮንጎ ተገኘ። በ2008 በሱዳን በኮርዶፋን በአል ፉላ ከተማ ከሕሙማን ወደ ሆስፒታል ሰዎች ተላልፏል። ከብት የሚያርድ፣ በረት የሚጠርግ፣ በባዶ እጁ መዥገር ነቅሎ የሚያፈርጥ ሰው ሁሉ ለአደጋው የተጋለጠ ነው። እንግዲህ በከብቱ ላይ ያለውን መዥገር የሚያጠና ከብት ሐኪም የሰውንም በር ይጠብቃል።

ምን ይደረግ?

ሱዳን ከ100 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ያሏት አገር መሆኗ የታወቀ ነው። ከብት ወደ ውጭ እየተሸጠ ለመንግሥት ገቢ የሚያስገኝ ሲሆን ከዚያ ገቢ ጥቂቱን ለከብቱ ጤና ምርምር መመለስ ምጽዋት አይደለም፤ ዘር መዝራት ነው። ኢትዮጵያም ብዙ ከብት ያላትና በአንድ ወሰን የምትዋሰን አገር ስለ ሆነች ጉዳዩ ይመለከታታል፤ መዥገር በጠረፍ ላይ ይለፍ አይጠየቅምና።

በጦርነት ለደከመ አገር ዳቦና ውኃ እንደሚቀድም ማንም አይክድም። የተራበ ልጅ እያለ ስለ መዥገር ቤተ ሙከራ መናገር የሚያሳፍር የሚመስለውም ሰው አለ። ነገር ግን ያ ልጅ የሚጠጣው ወተት የሚገኘው ከላሟ ነው፤ ላሟም ካልተጠበቀች ዳቦውን በየዓመቱ ከሰው እጅ መለመን ይመጣል። ስለዚህ መጠኑ ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚመደብ ገንዘብ፣ የተሰደዱትን ሊቃውንት የሚመልስ ደመወዝ፣ የተሐዋሲው ዘር በሁለት አገር ተከፍሎ የሚቀመጥበት ስምምነት፣ የአርቢውን ቃል የሚያዳምጥ ተመራማሪ ያስፈልጋሉ። ስሚዝና ኪልቦርን ለታላቅ ግኝት የበቁት የከብት ነጂውን ወሬ ስላልናቁ መሆኑ አይዘነጋም።

ወደ ካላክላ የሚመለሰው አርቢ በረቱን ጠግኖ፣ ተበድሮም ቢሆን አንዲት ላም ይገዛል። በበረቱ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ግን መዥገሩ ከእርሱ ቀድሞ ሊቆይ ይችላል፤ መዥገር ሳይበላ ብዙ ወራት መታገሥ ያውቅበታል። መንግሥታትም ይህን ትዕግሥት ከጠላታቸው ቢማሩ መልካም ነው።